ከዳላስ ሂውስተን በቀኝ መስመር

ደሴ ያለችው እህቴ በስልክ፣ "ቴክሳስ ሄደህ ነበር አሉ፤ ምን አየህ?" ብላ ጠየቀችኝ። ብዙም አላየሁ አልኳት። እውነቴን ነው። ከዳላስ ሂውስተን ሄጄ በዚያው ቀን ስመለስ ያየሁት ከፊቴ ያለውን መኪና፣ የመንገዱን ነጭ መስመርና መሪው ላይ የተጣበቀውን የገዛ እጄን ነው። ቢሆንም ሄዶ የተመለሰ ሰው ወሬ አይጠፋውም። እሷም ሆነች ሌሎቹ ዘመዶቼ እዚያ አገር መድረሳቸውን እንጃ፤ ስለዚህ የሆነውን ከመነሻው ጀምሬ በየቀኑ ከፋፍዬ ጽፌላቸዋለሁ። የወንድሜ ልጅ አንዋር አማርኛ ማንበብ ስለማይችል የምደብቀው ነገር የለም።

ከመሄዴ በፊት

እንድሪስ እባላለሁ፤ የምኖረው አሌክሳንድሪያ ነው። ዋሽንግተን መሀል፣ አንድ ትልቅ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ የሰው መኪና ተቀብዬ ሳቆም ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በቀን ስልሳ ሰባ መኪና ይዤ እገባለሁ፣ ይዤ እወጣለሁ። ትልቅ መኪና ወደ ኋላ እየነዱ ጠባብ ቦታ ማስገባት ላይ የሚደርስብኝ የለም። ግን ሥራዬ ሁሉ ከመሬት በታች ነው፤ ቀጥ ብዬ ብሄድ ብሄድ አምሳ እርምጃ ነው። ሃይዌይ ላይ መሪ ከያዝኩ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ለምን እንደማልነዳ ለሚጠይቀኝ ሁሉ "ዓይኔን ያመኛል" እላለሁ። ዓይኔ ደህና ነው። የያዘኝ ፍርሃት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ ወንድሜ ሲሞት ልጁ አንዋር ገና ትንሽ ስለነበር፣ ቅዳሜና እሁድን እኔ ጋ ያሳልፍና እሁድ ከሰዓት ሲልቨር ስፕሪንግ እናቱ ዘንድ እመልሰው ነበር። አሥራ አራት ዓመት በሆነው ጊዜ አንድ ዝናባማ እሁድ በዊልሰን ድልድይ ስንሻገር፣ ከጎናችን የሚሄድ የጭነት መኪና ውሃ ረጨብንና ለቅጽበት ከፊቴ ያለው ሁሉ ጠፋ። መስታወቱ ወዲያው ጠራ፤ እኔ ግን አልጠራሁም። እግሬ ፍሬን ላይ ተተከለ። መኪናው እንደ ወንዝ በሚጎርፍበት ድልድይ መሀል ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ከኋላ ጡሩምባው አገር ይያዝ አለ፤ እጄን አንቀሳቅሳለሁ ብል እጄ የኔ አይደለም። አንዋር እጁን ዘርግቶ የአደጋ መብራቱን አበራና ጉልበቴን ያዘኝ። "አጎቴ፣ ኢትስ ኦኬ። አይም ሂር" ይለኛል፤ ልጁ እኔን። በመጨረሻ አንድ ፖሊስ መጥቶ መሪውን ተቀብሎ ከድልድዩ አወጣን።

እንዳይናገር አልለመንኩትም፤ አፍሬ ነበር። ቤት ስንደርስ እናቱ በሩን ከፍታ፣ "ምነው እንዲህ ቆያችሁ?" አለች። አንዋር ቀድሞኝ፣ "ትራፊክ ነበር" አላት። ከዚያን ቀን በኋላ በመሀከላችን ስለዚያ ድልድይ አንድ ቃል ተነሥቶ አያውቅም። ሚስቴ ዘሃራ እንኳ እስከ ዛሬ ዓይኔ ነው የምትለው።

አሁን አንዋር ፋርማሲስት ሆኗል። ሐያት የምትባል ልጅ ሊያገባ ፈለገ። የሐያት አባት ጋሽ ሰይድ ሂውስተን የሚኖሩ የወሎ ሰው ናቸው፤ ልጆቹ ቢስማሙም ባይስማሙም "ወጉ ይጠበቅ፣ ሽማግሌ ይላክ" ብለው ቁርጡን ነገሩን። እሳቸውን ደፍሮ የሚያናግር አንድ ሰው ብቻ ተገኘ፦ ዳላስ አጠገብ የሚኖሩት ሐጂ ይመር። ጋሽ ሰይድን በልጅነታቸው ቁርኣን ያቀሯቸው እሳቸው ናቸው። ችግሩ ሐጂን ሐኪም አውሮፕላን ከልክሏቸዋል። በዚያ ላይ ሰኞ ማለዳ፣ ረቡዕና ዓርብ የኩላሊት እጥበት አላቸው። ስለዚህ እኔ ዳላስ በርሬ፣ ከሐጂ ጋር እሁድ ጠዋት በመኪና ሂውስተን ሄደን፣ ጠይቀን፣ በዚያው ቀን እንድንመለስ ተወሰነ። መንገዱ ለአንድ ጉዞ አራት ሰዓት ነው። የሚነዳውም የሐጂ አማች ከማል ነው፤ ጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። እሱ ሦስተኛ ሽማግሌ፣ እኔ በአባት ቦታ።

የማልነዳው ሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ ጉዞውን ሳቅድ ከረምኩ። ፈሪ ሰው ዕቅድ ይወዳል። ደብተር ገዝቼ መውጫዎቹን በቁጥራቸው፣ ነዳጅ ማደያዎቹን፣ መስገጃ ቦታዎቹን፣ የየከተማውን ሆስፒታል ሳይቀር ጻፍኩ። ዘሃራ አይታ፣ "ሰርጋችንን እንኳ እንዲህ አላቀድከውም" ብላ ሳቀችብኝ። ደብተሩን ሲልቨር ስፕሪንግ ወስጄ ለተሰበሰበው ዘመድ አነበብኩ፤ ሁሉም አደነቀ። በዚያ ደብተር ላይ ያልጻፍኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ወግ አዋቂ ነኝ ከሚለው ዘመድ ሁሉ አንድም ያስታወሰው የለም። ሂውስተን ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

ቅዳሜ

አውሮፕላኑ የሚነሣው ከባልቲሞር ስለነበር አንዋር በመኪናው አደረሰኝ። እንደ ልማዱ በከተማው በኩል ዞረ፤ በዚያ በኩል ያለው ድልድይ ዝቅ ያለና አጭር ስለሆነ ዓይኔን ሳልጨፍን አልፈዋለሁ። "አጎቴ፣ ጀስት ሪላክስ። የሚነዳው ከማል ነው። ዩ ጀስት ቶክ" አለኝ። እሱም ፈርቶ ነበር፤ ሱሪው ላይ እጁን ሲጠርግ አየሁት።

ዳላስ ስወርድ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ሰማዩ ነው። እኛ ጋ ዛፉ መንገዱን ከግራና ከቀኝ ይዞ ስለሚሄድ ሰው ትንሽ ተጠለልኩ ይላል። እዚያ ግን ከላይ የሚጋርድህ ነገር የለም። የሐጂ ልጅ ዘይነባ ተቀበለችኝና ጋርላንድ የሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ወሰደችኝ። የመኪና ማስገቢያቸው ብቻ የኔን አፓርታማ ያክላል። ሐጂ ነጭ ቆባቸውን አድርገው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ቀጭን ሰው ናቸው፣ በማሽኑ መርፌ የተጎዳው ክንዳቸው በፋሻ ታስሯል። እጃቸውን ልስም ስል ራሴን ይዘው ግንባሬን ሳሙኝ።

ምሳ በላን። ዘይነባ "ጋሽ እንድሪስ፣ ይብሉ እንጂ፣ መንገደኛ ነዎት" እያለች ሳህኔን ሦስት ጊዜ ሞላችው። እኔም ጥጋብና ደስታ ተጋግዘውብኝ ስለ ሥራዬ ማውራት ጀመርኩ። በቀን ሰባ መኪና እንደምነዳ፣ አንድም ጭሬ እንደማላውቅ ለሐጂ ተናገርኩ። ባልተናገርኩ ኖሮ!

አሥር ሰዓት ላይ የዘይነባ ስልክ ጮኸ። አንሥታ ትንሽ አዳመጠችና ፊቷ ተለወጠ። "ከማል ነው ኮል ያደረገው። ትራኩ አርካንሳስ ላይ ተበላሽቶበታል። እስከ ሰኞ የሚሠራለት ሰው አላገኘም" አለች። እሷ ደግሞ እሁድ ሺፍት አላት፤ የምትሠራበት የአረጋውያን ቤት የሚተካት ሰው የለም።

ሐጂ ፈገግ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። "ምን ያሳስባችኋል? እንድሪስ አለ አይደል? በቀን ሰባ መኪና የሚነዳ ሰው አንዷን አያቅተውም።"

"አዎ፣ እነዳለሁ" አልኩ። እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ አፌ ነው።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆልፌ አንዋር ጋ ደወልኩ። ነገሩን ነግሬው ቀጠሮው ይተላለፍ ልለው ነበር። እሱ ግን ገና "አጎቴ" ከማለቱ፣ ሐያት ከትናንት ጀምሮ ምግብ እንዳልበላች፣ እናቷ ቤቱን ስትወለውል እንደሰነበተች በእንግሊዝኛ ይዘረዝርልኝ ጀመር። "ሺ ኢዝ ሶ ስኬርድ፣ አጎቴ። አይም ስኬርድ ቱ" አለኝ። ሦስት ፈሪዎች ሆንን። ደህና እደር ብዬ ዘጋሁት።

እሁድ

ሱብሒ ሰግደን ስንወጣ ዘይነባ ስንቅ ሰጠችኝ፦ የተቀቀለ እንቁላል፣ ቆሎ፣ ሻይ በፔርሙዝ፣ ለእኔ ደግሞ ተምር። ወደ ጎን ሳብ አድርጋኝ፣ "ጋሽ እንድሪስ፣ ተምሩን ለአባዬ እንዳይሰጧቸው፤ ለኩላሊታቸው መርዝ ነው። ውሃም ከዚህች ጠርሙስ አይለፉ" አለችኝ። አንዱ ፍርሃት ሳይበቃኝ ሌላ ተጨመረልኝ።

የነከማል ሚኒቫን ውስጥ ገብቼ መስታወቱን አምስት ጊዜ አስተካከልኩ። ሐጂ፣ "ኋላ ያቅለሸልሸኛል" ብለው ከጎኔ ተቀመጡ። ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እናቴ ግን ከሞተች ቆየች። ቢስሚላህ ብዬ አስነሣሁት።

የሰፈሩ መንገድ ደህና ነበር። ሃይዌዩ ሲመጣ ግን ዳላሶች መንገድን እንደ ፎቅ ቤት አንዱን በአንዱ ላይ ደራርበው እንደሚሠሩ አየሁ። የኛ መስመር ከሁሉም በላይ ያለው ነበር። የዊልሰን ድልድይ ከዚያ ጋር ሲተያይ የጓሮ መሻገሪያ ነው። ወደ ላይ እየወጣን፣ እየወጣን፣ ከፊቴ መንገዱ አልቆ ሰማይ ብቻ ቀረ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። እግሬ ወደ ፍሬኑ ሲሄድ ተሰማኝ። ያቺው እግሬ ናት፣ አውቃታለሁ። "አትቁም፣ አትቁም፣ ልጁ ይጠብቅሃል" እያልኩ በልቤ ራሴን ለመንኩት፤ በጣም ስለቀዘቀዝኩ ከኋላችን አንድ ትልቅ ፒክአፕ ጡሩምባውን ለቀቀብን።

ሐጂ፣ "ምን ይላል ይሄ ሰውዬ?" አሉኝ።

"ሰላም እያለን ነው" አልኳቸው።

"ወዓለይኩሙ ሰላም!" ብለው እጃቸውን አነሡለት። ሰውየውም ሲያልፈን እጁን አነሣ፤ ምን ለማለት እንደሆነ አላህ ይወቅ።

ከዚያ ቁልቁል ወርደን ቀኝ መስመሩን ያዝኩ፤ ቀኝ መስመር ለእንደኔ ያለ ሰው የተሠራ ይመስለኝ ነበር። ሩብ ሰዓት ሳንሄድ መስመሩ ራሱ ወደ መውጫ ሆነና ሳልፈልግ ይዞኝ ወጣ። በሃይዌዩ ጎን በሚሄደው መንገድ ላይ ጎማ ቤትና የዳቦ መኪና መሀል ራሳችንን አገኘነው። ሐጂ፣ "ደረስን?" አሉኝ። ገና ዳላስን አልለቀቅንም ነበር። ተመልሼ ሃይዌዩ ውስጥ ለመግባት ስዘገይ ስዘገይ አንዲት ሴት ቆማ በእጇ "ግባ" አለችኝ፤ እኛ ጋ ቢሆን እንኳን ሊያስገቡህ ይሰድቡህ ነበር።

ከከተማው ከወጣን በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው፣ ቀጥ ያለ። ዳር ላይ የማይል ቁጥር ተተክሏል፤ ከሁለት መቶ ሰማንያ ገደማ ጀምሮ ወደ ሂውስተን በተጠጋህ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል። ያ ቁጥር ረዳኝ። ሁለት መቶ አርባን ሳይ፣ "ሁለት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ድረስ ብቻ እችላለሁ" እላለሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ሲመጣ ሌላ አንድ እጨምራለሁ። እንዲህ እያልኩ አንዷን ማይል በአንዷ ላይ ቀጠልኩ። ጭነት መኪና ባለፈን ቁጥር ሚኒቫኗ ትንቀጠቀጣለች፣ እኔም አብሬ። ሐጂ ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ በየመሀሉ "አላህ ይባርክህ፣ እንዴት ያለ ጨዋ አነዳድ ነው" ይሉኛል።

ግማሽ መንገድ ላይ ከደብተሬ ማደያዎች አንዱ ጋ ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ፤ ጣቶቼ ግን ከመሪው አልላቀቅ አሉ። አንድ በአንድ በሌላው እጄ ነቀልኳቸው። ወርጄ ቤንዚን ልቀዳ ስል እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ቀዳዳውን ሳትኩት። ሰፊ ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ነጭ ሽማግሌ ከጎኔ ሲቀዱ አይተውኝ ስኳር በሽታ ያለብኝ መሰላቸው። ምንም ሳይሉ ገብተው ብርቱካን ጭማቂ ገዝተው መጡና ክዳኑን ከፍተው ያዙልኝ፤ እስክጨርሰው ድረስ ቆመው ጠበቁኝ። ቤንዚኑንም እሳቸው ቀዱልኝ። አሌክሳንድሪያ ሃያ ዓመት ስኖር ማንም ሰው ቤንዚን ቀድቶልኝ አያውቅም። ስማቸውን እንኳ ሳልጠይቅ ሄዱ።

መኪናው ውስጥ ስመለስ ሐጂ ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በጨዋ ደንብ ተቀምጠዋል። ከእግራቸው ሥር ሦስት የተጠባ የተምር ፍሬ አለ።

"ሐጂ! ስንት በሉ?"

"ቆጥረህ ነው እንዴ የያዝከው?"

ከዚያ በኋላ አንድ ዓይኔ መንገዱ ላይ፣ አንድ ዓይኔ እሳቸው ላይ ሆነ። ጥድ የበዛበት አገር ስንገባ፣ "ያ ረጅም ነጭ ሰውዬ ማን ነው?" አሉኝ። የመንገዱ ዳር ሐውልት ኖሯል፤ ቴክሳስ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል አሉ። እኔ አላየሁትም።

ሂውስተን እንዴት እንደገባን አልጽፍም፤ ብጽፈው ደግሜ የምነዳው ይመስለኛል። ቀጠሯችን አምስት ሰዓት ተኩል ነበር፤ ሰፈሩ ውስጥ ስንገባ አሥር ደቂቃ ቀርቶናል። የጋሽ ሰይድ በር ላይ በሁለት መኪና መሀል አንዲት ጠባብ ቦታ ነበረች። በአንድ ዙር ወደ ኋላ አስገባኋት። ቀኑን ሙሉ ያልፈራሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጋሽ ሰይድ በሩን ከፍተው የሐጂን እጅ ጎንበስ ብለው ሳሙ። የስልሳ ዓመት ሰው ናቸው፣ ግንባራቸው የማይፈታ። "ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉን። ሐጂ በወጉ፣ "የመጣንበትን ሳትሰማ አንቀመጥም" አሏቸው። ቆመን ተናገርን። ሐጂ ስለ ዘሩ፣ እኔ ስለ ልጁ። ትምህርቱን፣ ዲግሪውን፣ ሥራውን፣ ሶላቱን አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ጋሽ ሰይድ መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝና፣ "ማሻአላህ። ዲግሪማ ዛሬ የሌለው የለም። ሦስተኛችሁስ የት አለ?" አሉ።

"መንገድ ላይ ነው" አሉ ሐጂ። አልዋሹም፤ አርካንሳስ መንገድ ዳር ቆሟል።

ጋሽ ሰይድ አስቀመጡን። ከዚያም ያ ደብተሬ ላይ ያልሰፈረው ነገር መጣ። "ሐጂ፣ እርስዎ ያስተማሩኝን ወግ እርስዎ ላይ አልሽርም" አሉ። "ሽማግሌ በአንድ ቀን መልስ አይሰጠውም። እኛም ዘመድ እናማክር። ሦስት ሆናችሁ የዛሬ ሁለት ሳምንት ተመለሱ፤ ያኔ ደግሞ የምንለውን እንላችኋለን።"

አያችሁ! መውጫውን፣ ነዳጁን፣ ሆስፒታሉን ሁሉ ጽፌ፣ ልጅ በመጀመሪያው ቀን እንደማይሰጥ ረሳሁት። የኔም አባት ለኔ ሦስት ጊዜ ነው የተመላለሰ። ሐጂ ያለ መኪና አይመጡም፤ ከማል መቼ ሥራ እንደሚያገኝ፣ መኪናው መቼ እንደሚበላሽበት አይታወቅም። ያ ሰማይ፣ ያ ድልድይ፣ ያ ጭነት መኪና ሁሉ ሁለቴ፣ ሦስቴ ከፊቴ ተደረደረ።

"አልችልም" አልኩ።

 ሽማግሌ ሆኖ ሄዶ "ተመለስ" ሲባል "አልችልም" ያለ ሰው በወሎ ምድር የመጀመሪያው እኔ ሳልሆን አልቀርም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ሐጂ ሙስበሃቸውን መቁጠር አቆሙ። ጋሽ ሰይድ ፊታቸው ጠቆረ፤ "ምን አሉ?" አሉኝ። ልጁን አንድ ጊዜ ድልድይ ላይ አቁሜዋለሁ፤ አሁን ደግሞ እዚህ ላቆመው ነው ብዬ አሰብኩ። 

"ጋሽ ሰይድ፣ ልጅቷን ንቄ አይደለም። መቶ ጊዜ ብንመላለስላት ሲያንሳት ነው። እኔ እፈራለሁ።"

"ማንን?"

"መንገዱን።"

ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዝናቡን፣ ድልድዩን፣ እግሬን፣ ጉልበቴን የያዘኝን ልጅ፣ እናቱን "ትራፊክ ነበር" ማለቱን፣ አሥራ ሁለት ዓመት በዓይኔ እያመካኘሁ መኖሬን። ስናገር ወለሉን እንጂ ማንንም አላየሁም።

"ታዲያ ዛሬ ማን ነዳ?" አሉኝ።

"እኔ።"

"እንዴት አድርገው?"

"እየፈራሁ።"

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። "እንዲያ ነው እንዴ! እኔ እኮ ቀስ የምትለው እኔን ላለማንገላታት መስሎኝ ስመርቅህ ነው የመጣሁት።"

ጋሽ ሰይድ አልሳቁም። "ይህን ነገር ሌላ ማን ያውቃል?" ብለው ጠየቁኝ።

"አንዋር ብቻ። ባለቤቴም አታውቅ።"

"ልጁ ለማን ተናግሯል?"

"ለማንም።"

"አሥራ ሁለት ዓመት?"

"አሥራ ሁለት ዓመት።"

ብድግ ብለው ወደ ውስጥ ገቡ። ከውስጥ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል፤ የእሳቸው፣ የሴት፣ ደግሞ የሌላ ወጣት ሴት። የምድጃ ላይ ምግብ ይሸታል፤ ያ ምግብ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው አይታወቅም። ሰዓቴን አየሁ፤ ቆይቼ አየሁ፤ አራት ደቂቃ ብቻ ነው ያለፈው። ለአንዋር ምን ብዬ እንደምነግረው ቃል ፈለግሁ፣ አጣሁ።

ጋሽ ሰይድ ከባለቤታቸው ከእትዬ ፋጡማ ጋር ተመልሰው መጡ። ተቀመጡና፣ "ሐጂ፣ ዱዓ ያድርጉልን። ሰጥተናል" አሉ።

እኔ ጅሉ፣ "ሁለት ሳምንቱስ?" አልኩ።

"ሐያትን ጠየቅኋት" አሉኝ። "የልጁ አጎት መኪና የማይነዱት ለምንድን ነው ብላት፣ 'አንዋር ዓይናቸውን ያማቸዋል ብሎኛል' አለችኝ። ሊያገባት ፈልጎ፣ ልቧን ሊያገኝ እየጣረ፣ ለእሷ እንኳ አልነገራትም። እኔም አልነግራትም። ጋሽ እንድሪስ፣ ዲግሪ ያለው ሰው በየወሩ ልጄን ይጠይቀኛል። የሰው ገመና አሥራ ሁለት ዓመት የያዘ ግን አልመጣልኝም። የልጄንም እንዲህ ይይዝላታል።"

ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ፤ ዱዓው ረዘመ። እኔ አሚን ማለት አቅቶኝ አለቀስኩ። ከዚያ ዙሁርና አስርን እንደ መንገደኛ አሳጥረን ሰገድንና ሩዝና የፍየል ሥጋ በላን፤ ለሐጂ እትዬ ፋጡማ ጨው የሌለው ለብቻ ሠርተዋል። ሐያት ገብታ እጄን ልትስም ጎንበስ ስትል እጇ በረዶ ነበር።

ስምንት ሰዓት ላይ ስንነሣ ጋሽ ሰይድ፣ "ልሸኛችሁ" አሉ። እስከ በሩ መስሎኝ ነበር። የራሳቸውን መኪና አስነሥተው ከፊታችን ወጡ፣ የአደጋ መብራታቸውን እያብለጨለጩ፣ በቀኝ መስመር፣ ቀስ ብለው። ሂውስተንን በሙሉ በዚያ መብራት አለፍኩት። እዚህ ይመለሳሉ፣ እዚህ ይመለሳሉ እያልኩ ስሳቀቅ እስከዚያ ነጭ ሐውልት ድረስ ከሰባ ማይል በላይ ሸኙን። መውጫው ላይ ሲለዩን እጃቸውን በመስኮት አወጡ። ሐውልቱንም ያን ጊዜ አየሁት፤ እውነትም ረጅም ነው።

ከዚያ ወዲያ ደፋር ሆኜ ነዳሁ ብዬ አልዋሽም። እየፈራሁ ሄድኩ፣ እየፈራሁ ገባሁ። ጋርላንድ ስንደርስ ለመግሪብ ትንሽ ቀርቶ ነበር። ዘይነባ የአባቷን ፊት አይታ እልል አለች፤ ወዲያው ደግሞ የተምሩን ላስቲክ ከፍታ አየችና ሁለታችንንም ተቆጣች።

ለአንዋር ከእሷ ግቢ ሆኜ ደወልኩለት። "ሰጥተውናል" ስለው፣ "አጎቴ፣ አር ዩ ሲሪየስ?" አለ። ሲያለቅስ ሰማሁት። ቆይቶ፣ "ከማልስ በደንብ ነዳ?" አለኝ።

አላህ ይማረኝ፣ "በደንብ ነዳ" አልኩት።

ሰኞ

ሐጂ ማለዳ ለእጥበት ሲሄዱ ተሰናበትኳቸው። "ለሰርጉ አንተ ነህ የምትወስደኝ" አሉኝ፤ ሳቅሁ።

ባልቲሞር ስወርድ አንዋር እየጠበቀኝ ነበር። አቀፈኝና ከመሬት አነሣኝ። ሻንጣዬን ጭኖ መኪናው ውስጥ ገባን፤ ሁሉንም በመንገድ ላይ ልነግረው ቆርጬ ነበር። ምስጢራችንን ሂውስተን ላይ እንደበተንኩት፣ ያንንም በማድረጌ ሐያት እንደተሰጠችው።

ስልኩን ፊት ለፊቱ ሰክቶ የቤቴን አድራሻ ጻፈ። ሌላ ጊዜ መስኮት መስኮቱን ስለማይ ስልኩን አይቼው አላውቅም ነበር፤ ከትናንት ወዲህ ግን ካርታ ማየት ለምጃለሁ። ሁለት መንገድ አወጣለት። በዊልሰን ድልድይ የሚያልፈው ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነበር፤ አንድ ቀይ መስመር የለውም። በከተማው በኩል ያለው ሃያ ደቂቃ ይረዝማል።

አንዋር ጣቱን ዘርግቶ ረጅሙን ነካ። "በከተማው ልሂድ አጎቴ፣ ድልድዩ ጋ ትራፊክ አለ" አለኝ።

መንጃ ፈቃድ ካወጣ ጀምሮ ስንት ጊዜ እንዳለኝ ለመቁጠር ሞከርኩ። ለኢድ፣ ለሐኪም ቤት፣ ለለቅሶ፣ ለአየር ማረፊያ። ሁልጊዜ ትራፊክ ነበር። እኔም ሁልጊዜ አምኜው መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ ደስ ብሎኝ እሄድ ነበር።

ልነግረው ያሰብኩትን ሁሉ ዋጥኩት።

"አዎ" አልኩት፣ "በዚህ ሰዓት ትራፊክ አይጠፋም።"